የቁጥር ሠላሳ አንድ መንታዎች

«የቀሪነት ምክንያት» ከሚለው ርእስ ሥር ሦስት ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ ሌላ። ማስመሪያ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ እስክሪብቶዋን ከአንዱ ወደ አንዱ ስታዞር ቆየችና በመጨረሻ «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ከጎኑ በተተወችው አጭር መስመር ላይም «አልቀረሁም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አሰመረችበት። ቃሉ እንደ ልማዱ ጥቂት ደብዘዝ አለ፤ ግራኝ ስለሆነች እጇ የጻፈችውን ከኋላ ከኋላ እየጠረገ ነው የሚሄደው። የትንሿ ጣቷ ጠርዝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከቀለም ነጽቶ አያውቅም።

ማስመሪያ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ርእስ ጽፋ ሳታሰምርበት ያለፈችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። መጀመሪያ ሊያበሽቋት ያወጡት ስም ነበር፤ ኋላ አስተማሪዎቹም ለመዱት፤ አሁንማ አባቷ ራሱ ደስ ሲለው «ማስመሪያዬ» ይላታል።

አባቷ አናጢ ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማይሆንለት፣ እሷ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ወንበር ጎንበስ ብሎ ከሥር እየመረመረ ነበር።

«ተነሺማ አንዴ» አላት።

«አባዬ፣ ተራዬ ሊደርስ ነው።»

«እግሩ ላልቷል እኮ። ስንቱ ቁጭ ብድግ ሲልበት፣ አንድ ሰው ሚስማር አልመታበትም።»

ማስመሪያ ሰው እንዳያያቸው በአፍረት ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አላያቸውም። በፈተና ቦርዱ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ የየራሱን ወረቀት ነው የሚያየው። ስድስት መስኮቶች አሉ፤ በየመስኮቱ ፊት ፋይል የታቀፈ ወላጅና ጥፍሩን የሚበላ ተማሪ ተሰልፏል። ጥግ ላይ ያለው ማራገቢያ አንገቱ ተሰብሮ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን ሲያቀዘቅዝ ውሏል።

ውጤት የተለቀቀው ከአራት ቀን በፊት ነው። ማስመሪያ ስልኳን ከፍታ ስድስቱን ትምህርቶች አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም የሚያኮራ ነው። ሰባተኛው፣ ሒሳብ፣ ጋ ስትደርስ ግን በቁጥር ፋንታ አንድ ቃል ጠበቃት፤ «ቀሪ»። ስልኩን አጥፍታ ከፈተችው። ቃሉ ንቅንቅ አላለም። የስድስቱ ድምር አምስት መቶ አሥራ አንድ ነው። እሷ የምትመኘው የሕንጻ ንድፍ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ተማሪ የተቀበለው ከአምስት መቶ ሰማንያ ጀምሮ ነበር። የአባቷን ቁምሳጥኖች መሥመር በመሥመር በወረቀት የምትነድፈው እሷ ናት፤ ደንበኛ ሁሉ «ይህን የነደፈው ማነው?» እያለ ሲጠይቅ ነው ያደገችው። ያለ ሒሳብ ግን ንድፍ የለም። ቦርዱ ደግሞ ቅሬታ የሚቀበለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ነገ ጠዋት ዝርዝሩ ለየኮሌጆቹ ይላካል።

አሁን ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ተራዋ ደርሶ ቅጹን በመስኮት ሁለት አስገባች። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ቀስ ብሎ መልሶ ገፋላት።

«ይህ የቀሩ ተማሪዎች ቅጽ ነው።»

«እኔ አልቀረሁም።»

«ካልቀረሽ ለምን ሞላሽው?»

«መስኮት አንድ ሙዪ ስላሉኝ።»

«መስኮት አንድ እንዲያ ያለሽ ቀሪ ስለሆንሽ ነዋ።»

«እሱን ላስተካክል ነው የመጣሁት» አለች ማስመሪያ። ድምፅዋ ከመስተዋቱ እንኳ የሚያልፍ አልነበረም።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም። ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ጣቶቹን አጠላለፈ። ቅሬታ ማቅረብ የሚቻለው በቀረችበት ምክንያት ላይ መሆኑን፣ ምክንያቱን ለመመርመር ደግሞ መጀመሪያ መቅረቷን ማመን እንዳለባት፣ ካመነች በኋላ ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ነገራት። አባቷ ከኋላዋ መጥቶ፣ በፈተናው ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ያደረሳት እሱ ራሱ መሆኑን፣ ፈታኙም ስም እየጠራ በመዝገቡ ላይ ምልክት እንዳደረገ ተናገረ። ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። መዝገቡንማ አይተነዋል አለ።

«መዝገቡ ነበረች ይላል። ማሽኑ የለችም ይላል።»

«ታዲያ ማንን ነው የምታምኑት?» አለ አባቷ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ዋሽቶ ምን ይጠቀማል?»

አባትና ልጅ ወደ አግዳሚው ተመለሱ። አባቷ ከመሣሪያ ቦርሳው ትንሿን መዶሻ አውጥቶ፣ የላላውን እግር ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። አግዳሚው አልተነቃነቀም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተስተካከለ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

በክፍላቸው አርፋጁ የሚባለው ልጅ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው መምጣቱ ማስመሪያን አላስገረማትም። እናቱ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ማለዳ በብስክሌት ዳቦ ለየሱቁ ሲያድል ቆይቶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ጥበቃው በሩን የሚዘጋው የእሱን ብስክሌት ካስገባ በኋላ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። አሁንም የሸሚዙ እጅጌ ዱቄት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ባንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ የተረፈ ዳቦ አለ። ገና ከበሩ ሲገባ ለአንዲት አሮጊት አንድ ዳቦ ሰጥቶ የሰልፍ ወዳጅ አፍርቶ ነበር።

«ማስመሪያ» አለ፣ ከመስኮት መስኮት ዞሮ በመጨረሻ እሷን ሲያይ ፊቱ በርቶ። «ወደቅሁ እንዳትዪኝ ብቻ፣ ዓለም ያበቃል።»

«ቀረሽ ነው ያሉኝ።»

«አንቺን?» ከልቡ ሳቀ። «እኔን ቀረህ ቢሉኝ እናቴም ታምን ነበር። ሒሳቤን ታግዷል ነው ያሉኝ። ለምን ስል መስኮት አራት ሄደህ ጠይቅ፤ መስኮት አራት ስሄድ መስኮት ሁለት ሂድ፤ መስኮት ሁለት ደግሞ ውጤቴ የታገደበትን ምክንያት እንዲነግሩኝ መጀመሪያ ምክንያቱን በቅጽ ሞልቼ እንዳመጣ።»

ለአባቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ዳቦ አቀበለው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ነገር ዘርዝሮ ተናገረ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እሱ ሃምሳ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። አንደኛ ምርጫው ላይ የሞተር ምሕንድስና ብሎ መሙላቱ እውነት ነው፤ እሱ ግን በሒሳብ ሰማንያ የሚጠይቅ ትምህርት ስለሆነ ለቀልድ ያህል ነው። አባቷ ዳቦውን እያኘከ፣ ቀልድ በእስክሪብቶ አይሞላም አለው። አርፋጁ መልስ አላጣም፤ በእርሳስ ነው የሞላሁት አለ።

«ለነገሩ አንቺ ነሽ ገድ የነሳሽኝ» አላት ዞር ብሎ። «ያን ቀን ወንበሬን ቀምተሽ።»

«የቱን ወንበር?»

«የግራውን።»

«እሱ የኔ ወንበር ነው። አባቴ ነው የሠራው።»

እውነቷን ነው። በትምህርት ቤታቸው ያሉት ወንበሮች ሁሉ መጻፊያ ጣውላቸው የተገጠመው በቀኝ በኩል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ አንገቷን አዙራ ስትጽፍ ውላ እየተጣመመች ቤት ስትገባ ያየ አባቷ፣ ከትርፍራፊ እንጨት ጣውላው በግራ የሆነ አንድ ወንበር ሠርቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ቀላ ያለ እንጨት ስለሆነ ከመቶ ወንበር መሀል ይለያል። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ሌላ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

«አባትሽ ቢሠሩትም» አለ አርፋጁ፣ «ያን ዕለት የተለጠፈበት ቁጥር የኔ ነበር። ሠላሳ አንድ። አርፍጄ ስገባ አንቺ ተደላድለሽ ተቀምጠሽበታል። ፈታኙ ደግሞ እስኪያስነሳሽ ጊዜ የለውም፣ በቃ ባዶው ላይ ተቀመጥ አለኝ። ከኋላ ያለው ባዶ አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር።»

«አሥራ ሰባት የኔ ቁጥር ነው» አለች ማስመሪያ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ እኔ ግን ከካርዴ ላይ ነው ቁጥሬን የጻፍኩት። በር ላይ ስለመረመሩኝ ካርዱ እጄ ላይ ነበራ።»

ማስመሪያ ወደ ኋላ አሰበች። የአዳራሹ ድምፅ ሁሉ ከጆሮዋ ራቀ። በዓመቱ ውስጥ አሥር ጊዜ የሙከራ ፈተና ተፈትነዋል። በመልስ ወረቀቱ ላይ ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ስም አድልዎ ያመጣል ብሎ ቦርዱ ከልክሏል፤ የሚጻፈው ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድም አሥራ ሰባትም የዚያ ቁጥር መጨረሻ ናቸው። የሒሳብ አስተማሪያቸው ደግሞ አሥሩንም ጊዜ፣ ካርድ ይወድቃል፣ ካርድ ይረሳል፣ ቁጥራችሁ ወንበራችሁ ላይ ተለጥፏልና ከእሱ ቅዱ ብሎ አለማምዷቸዋል። አሥሩንም ጊዜ በቀዩ ወንበር ላይ የተለጠፈው የእሷ ቁጥር ነበር፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃላ። በዋናው ፈተና ዕለት ግን ቁጥር የለጠፉት ከቦርዱ የመጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ ቀዩ ወንበር የማን እንደሆነ አያውቁም። እሷ የተባለችውን በሙሉ ልብ አደረገች፤ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ የአርፋጁን ዘጠኝ አሃዝ በራሷ ወረቀት ላይ ቀዳች። ምናልባትም አሰመረችበት። የመጀመሪያው ፈተና ሒሳብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ፈታኝ መጥቶ ሁሉም በየቁጥሩ እንዲቀመጥ ባያዝዝ ኖሮ፣ የቀሩትን ስድስቱንም እንዲሁ ትቀዳ ነበር።

«ሁለታችንም ሠላሳ አንድ ነን» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አርፋጁ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። አባቷ ግን የተረፈውን ዳቦ በእጁ እንደያዘ፣

«የኔ ወንበር ነው እንዲህ ጉድ የሠራሽ?» አለ።

መስኮት ሁለት ያለው ጸሐፊ ነገሩን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ። «መንታ ናችሁ በሉኛ» አለ። «መንታ እኮ መስኮት ስድስት ነው። ቅድሙን እንዲህ ብትይ ምን ነበረበት?»

በመስኮት ስድስት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ተቀምጣለች። ደንበኛ ያላት አትመስልም፤ የተሰለፈ ሰው አልነበረም። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አይታ መነጽሯን አደረገች።

«አብራችሁ ነው የመጣችሁት?»

«አዎ» አለ አርፋጁ። «አንድ ቁጥር ለሁለት ነው የምንጠቀመው።»

ሴትየዋ ፈገግ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መስኮት ስትሠራ መንታዎች አብረው ሲመጡ ያየችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ እንደሆነ ነገረቻቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሰኞ ይመጣና ይምላል፤ ሌላው ሐሙስ ይመጣና ይምላል፤ እሷም የሁለቱን መሐላ በአንድ ፋይል ታስቀምጣለች። ሕጉ ቀላል ነው። ሁለቱን ወረቀቶች በመስተዋቱ በኩል ታሳያቸዋለች፤ መንካት ግን አይቻልም። ይህ የእኔ ነው፣ ያ የእሱ ነው ብለው ተስማምተው ከፈረሙ ለየራሳቸው ይመዘገባል። ካልተስማሙ ሁለቱም ወረቀቶች ይሰረዛሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይፈተናሉ።

«ስለዚህ» አለች፣ «መስኮቴ ላይ ጠብ አልወድም። ካላችሁ ውጭ ጨርሳችሁ ግቡ።»

ከውስጥ ክፍል አንድ ወፍራም ፋይል ይዛ ተመለሰች። ሁለት የመልስ ወረቀቶች አውጥታ፣ ጎን ለጎን አድርጋ፣ ከወዲያ በኩል መስተዋቱ ላይ ለጠፈቻቸው። በሁለቱም አናት ላይ ማሽኑ ውጤቱን በቀይ አትሞታል። በአንደኛው ሰማንያ ስድስት፤ በሌላው ሰባ ሦስት።

አርፋጁ ሰባ ሦስቱን ሲያይ ከረጢቱ ከትከሻው ወረደ።

«ሰማንያ ስድስቱ የሷ ነው» አለ ወዲያው። «ምኑ ይጠየቃል? ሰባ ሦስት ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነው። የት ልፈርም?»

አባቷ በረጅሙ ተነፈሰና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ያ ከባድ እጅ ስንት ነገር እንደሚል ታውቃለች። አምስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ሰማንያ ስድስት ሲደመር አምስት መቶ ዘጠና ሰባት ይሆናል። የዘንድሮው መቁረጫ ነጥብ የፈለገውን ያህል ቢወጣ አምስት መቶ ዘጠና ሰባት አይነካም። ሴትየዋ የማህተሙን ቀለም ከፍታ፣ መዝገቡን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሰዓቱ አሥር ከሃያ ይላል።

ማስመሪያ ግን ወረቀቶቹን እያየች ነበር።

ስልሳ ጥያቄዎች በአራት ዓምድ ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ መልስ አንዲት ትንሽ ክብ በእርሳስ ጠቁራለች። በሰማንያ ስድስቱ ወረቀት ላይ ከጠቆሩት ክቦች በቀር ምንም የለም፤ ወረቀቱ እንደታጠበ ነጭ ነው። በሰባ ሦስቱ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች ጭጋግ ለብሰዋል። ስስ፣ ግራጫ፣ ወደ ቀኝ የተጎተተ ጭጋግ። አራተኛው ዓምድ ብቻ ንጹህ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው ቆሻሻ ይለዋል። እሷ ግን እንደ እናቷ ድምፅ ታውቀዋለች። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛውን ዓምድ ሲያጠቁር እጁ የሚያርፈው ገና ባልተነካው ላይ ነው። እሷ ሁለተኛውን ስታጠቁር እጇ የሚያርፈው አንደኛው ላይ ነው፤ ሦስተኛውን ስታጠቁር ሁለተኛው ላይ፤ የመጨረሻው ብቻ ከእጇ ያመልጣል።

አምስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ሰባ ሦስት፣ አምስት መቶ ሰማንያ አራት። ካምናው መስመር በአራት ነጥብ ብቻ ይበልጣል። ዘንድሮ መስመሩ የት እንደሚሰመር ደግሞ ማንም አያውቅም። አርፋጁ ከጎኗ ቀስ ብሎ ያፏጫል። የሰጣት ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ቢያውቅም ምናልባት ይሰጣት ነበር፤ ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው። አባቷ እንጨት ከመቁረጡ በፊት ሁልጊዜ የሚላት ነገር በጆሮዋ መጣ፤ አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

«ሰባ ሦስቱ የኔ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ሴትየዋ፣ ጆሮዋን ወደ መስተዋቱ አስጠግታ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ይሄ መስተዋት አያሰማም።»

ማስመሪያ በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ አዳራሽ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አደረገች።

«ሰባ ሦስቱ የኔ ነው። ሰማንያ ስድስቱ የሱ ነው።»

የመስኮት አራትና የመስኮት አምስት ሰልፎች ዞር ብለው አዩዋት። የአባቷ እጅ ከትከሻዋ ላይ ሳይነሳ ቆመ፤ ክብደቱ ግን ተለወጠ።

«አይደለም» አለ አርፋጁ። «እኔ አልስማማም።»

«አልስማማም ማለት?» አለች ሴትየዋ።

«እናቴ፣ እኔን አያውቁኝም። እሷ ማስመሪያ ናት። እኔ አርፋጁ ነኝ። ሰማንያ ስድስት የሚባል ነገር እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። ይጻፉላትና ይልቀቁን።»

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች። በመንታ ላይ ጠብ ለምዳለች አለች፤ ሲሳደቡም ሲምሉም አይታለች፤ ሁለቱም ለትንሹ ውጤት የሚጣሉ መንታ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገጥሟት አያውቅም። ሕጉ ደግሞ ጠቡ በየት በኩል እንደሆነ አይጠይቅም። ካልተስማማችሁ ሁለቱም ይሰረዛል አለች።

«አንተ ልጅ» አለ አባቷ፣ መስኮት ስድስት ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ «ልጄ ሳትለካ አትናገርም።»

ማስመሪያ ስለ ጭጋጉ አስረዳች። በአፍ ማስረዳት ስለማይሆንላት ግማሹን በጣቷ መስተዋቱ ላይ እያሳየች ነው የተናገረችው። ሴትየዋ ወረቀቶቹን ነቅላ ወደ መብራቱ ይዛ አየቻቸው። ከመሳቢያዋ ሁለት ባዶ የመልስ ወረቀቶችና ሁለት እርሳሶች አወጣች። በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈችላቸው።

«አጥቁሩ» አለች። «ሁለት ዓምድ ይበቃኛል።»

ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አጠቆሩ። ሰልፎቹ ሥርዓታቸውን አፍርሰው ከበቧቸው፤ የመስኮት ሁለቱ ጸሐፊ ሳይቀር ወንበሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አሰገገ። ዳቦ የተሰጣቸው አሮጊት የሚሆነውን ለማያዩት ያስተላልፉ ነበር። ሲጨርሱ ተነሥተው ለሴትየዋ አሳዩ፤ የማስመሪያ ወረቀት አንደኛው ዓምድ ጭጋግ ለብሷል፤ ጭጋጉም ወደ ቀኝ ተጎትቷል። የአርፋጁ ወረቀት ነጭ ነው።

አርፋጁ ወረቀቱን አየው። ገልብጦ ጀርባውን አየው። ከዚያ እንደቆመ አግዳሚውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ሰማንያ ስድስት?» አለ።

«እንዴት አድርገህ ነው?» አለችው ማስመሪያ። ለማብሸቅ ሳይሆን ማወቅ ፈልጋ ነው።

የእጅጌውን ዱቄት አራገፈ። ብስክሌት ላይ እጅ ስለማይፈታ ጥያቄዎቹን በቃሉ ይዞ እየነዳ በጭንቅላቱ ሲሠራ እንደነበር፣ ይህን ግን ሰው እንዳይስቅበት ለማንም እንዳልነገረ ተናገረ። ቀጥሎም፣ «እባካችሁ ለእናቴ እናንተ ደውላችሁ ንገሩልኝ። ከእኔ አፍ ከሰማች አታምንም» አለ።

አባቷ ደወለላት። ሁለት ጊዜ ደወለላት፤ መጀመሪያ እሱንም አላመነችው። ማህተሙ የተመታው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሴትየዋ ሁለቱንም አስፈርማ ፋይሉን ከዘጋች በኋላ፣ የሙከራ ወረቀቶቹን አልጣለቻቸውም፤ ከመሥሪያ ጠረጴዛዋ መስተዋት ሥር አስገባቻቸው።

አባትና ልጅ ወደ ቤት አቀኑ። ሁለት መታጠፊያ ካለፉ በኋላ አባቷ ተናገረ።

«አሥራ ሦስት ነጥብ በመስኮት ወረወርሽ።»

«የኔ አልነበረማ፣ አባዬ።»

«እሱንማ አየሁት» አለ። ጥቂት ተራምዶ ደግሞ፣ «ከሰባ ሦስቱ ጋ ስንት ይመጣል አልሽኝ?»

«አምስት መቶ ሰማንያ አራት።»

«ካምናው በአራት ይበልጣል።»

«በአራት።»

«አራት ነጥብ ማለት እኮ» አለ አባቷ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ስስ ክፍተት እያሳያት፣ «ለጥሩ አናጢ ሰፊ ቦታ ነው።»

ትምህርት ቤቱ መንገዳቸው ላይ ነው። አባቷ ሳያማክራት ወደ በሩ ታጠፈ። ወንበሩን ዛሬውኑ ይዤው ነው የምገባው፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያመጣ ዕቃ ፈትቼ መደርደሪያ አደርገዋለሁ አለ። ጥበቃው ስለሚያውቃቸው አስገባቸው። የፈተናው አዳራሽ ባዶ ነበር፤ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው ተደራርበዋል። ቀዩ ወንበር ብቻ እላዩ የሚጫን ስለማይገጥም ለብቻው ቆሟል። መጻፊያው ላይ የሠላሳ አንድ ቁጥር ወረቀት አሁንም ተለጥፎበታል፤ ጠርዙ ተነስቶ አቧራ ይዟል።

አባቷ ቦርሳውን አስቀምጦ መፍቻውን ሲፈልግ ማስመሪያ እጁን ያዘችው።

«ዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ አለች» አለች። «ግራኝ ናት። አንገቷን እንዲህ አድርጋ ነው የምትጽፈው።»

አሳየችው። አባቷ የተጣመመ አንገቷን አየ፤ ለአፍታ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችበትን ዘመን ያየ መሰለው። መፍቻውን ቦርሳው ውስጥ መልሶ በምትኩ ቀጭኑን መሮ አወጣና በእጀታው በኩል ሰጣት።

የተለጠፈውን ቁጥር በመሮው ጠርዝ ቀስ ብላ ፋቀችው፤ እንጨቱን ሳትነካ፣ ሙጫው ተሟጦ እስኪወጣ። ቦታውን በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ በጣውላው ጥግ፣ የተቀመጠ ሰው ዐይኑ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ጻፈች፤

ቁጥርሽን ከካርድሽ ቅጂ።

ቀለሙ ሳይደርቅ እጇ ነካው፤ የመጨረሻዋ ቃል ጥቂት ደብዘዝ አለች። ማስመሪያ አልደለዘችውም። ከሥሩ በቀጥታ አሰመረችበት፤ ወንበሩን ከግድግዳው አላቅቃ የመጀመሪያው ረድፍ በሚጀምርበት ቦታ አቆመችና መሮውን ለአባቷ መለሰችለት።